የመሠዊያው ሐምራዊ ልብስ

«እኔ ገዳይን በዓይኑ ነው የማውቀው። ተሳስቼ አላውቅም!» አለች ኢንስፔክተር ኬዝያ፣ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ።

እሑድ ጠዋት ነው። ቄስ ኤሪናዮ በካቴድራሉ የልብስ ክፍል ወድቀዋል፤ አጠገባቸው ደም የነካው የነሐስ መቅረዝ አለ። የካሩጉ ሀገረ ስብከት ለሁለት ሊከፈል ነው፤ ለአዲሱ ግማሽ ጳጳስ እንዲሆኑ የተመረጡት ደግሞ ኤሪናዮ ነበሩ። ከመረጧቸው ሦስት ቀን እንኳ አልሞላም።

ቅዳሜ ማታ እዚያ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ከበሮ መቺው ዜፋንያ፣ የእናቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ሎይዳ፣ ሊቀ ዲያቆን ዮሳሙ።

ኬዝያ ዜፋንያን አየችው። «ዓይኑ ቀልቷል!» ብላ ካቴና አጠለቀችለት።

ሬሳውን ያገኘችው ጠራጊዋ ካባቶሮ የዜፋንያ ሚስት ናት። «አቡዎሊ» አለቻት ኬዝያን በቁልምጫ ስሟ፣ «ሬሳውን ካየ ጀምሮ ሲያለቅስ የቆየ ዓይን ምን ይሁንልሽ? ይልቅ መሠዊያው ላይ ያለውን የተጨማደደ ጨርቅ እዪው!»

«እማማ፣ መጥረጊያሽን ያዢ!»

ቀጥሎ ሎይዳ ቀረበች።

«ማታ ስንወጣ መሠዊያው አረንጓዴ ለብሶ ነበር። ዛሬ የጌታ መምጣት ሰሞን ይገባል፤ የሰሞኑን ቀለም፣ ሐምራዊውን፣ ከልብስ ክፍሉ መሳቢያ አውጥተን፣ ተኩሰን ልናለብስ ነበር።»

«ታዲያ ለብሷል እኮ!»

«እኔ አይደለሁም! ሳልተኩስ ባለብስ የማኅበሩ ሴቶች በቁሜ ይቀብሩኛል።»

ዮሳሙ ግን ረጋ ብለው ነው የመለሱት። «ኤሪናዮ? ስብከት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መረጡት... ይሁን።» እያወሩ እጃቸው የተዛነፉትን የመዝሙር መጻሕፍት ያስተካክላል።

ኬዝያ እጃቸውን አየች። ከዚያ መሠዊያውን። ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ከገደለ በኋላ ሐምራዊውን ከመሳቢያው አውጥቶ አለበሰ። ልማድ ነው፤ በዚህ ቀን አረንጓዴ ማየት አላስቻለውም። ዜፋንያ፣ የዛሬው ቀለም ምንድን ነው?»

«እኔ የማውቀው ከበሮዬን ነው፤ ጨርቅ ጨርቅ ነው።»

«ሎይዳ ሳትተኩስ አታለብስም። የቀረው ቀኑን የሚያውቅ፣ በዕድሜው ካውያ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። ሊቀ ዲያቆን?»

ዮሳሙ የያዙትን የመዝሙር መጽሐፍ ወረወሩት። ከዚያ ፈነዱ። «እኔ ያሳደግኩት ልጅ የጳጳስ በትር ይዞ ከኋላዬ ይምጣ፣ እኔ ከፊቱ መንገድ ልክፈትለት? በዚህ ሽበቴ?»

ፖሊሶቹ ሲወስዷቸው ኬዝያ ደረቷን ነፋች። «አላልኳችሁም? ተሳስቼ አላውቅም!»

«ጠዋት ስለ ጨርቁ ስነግርሽ መጥረጊያሽን ያዢ አልሽኝ፤ ይኸው ይዣለሁ» አለች ካባቶሮ። «በይ የባሌን ካቴና ፍቺና እግርሽን አንሺ፣ ልጥረግበት።»