የኤኮው ድርሻ

«ከት!» አለች ዳይሬክተሯ አዶማ።

ሬሳ ሆኖ የተኛው ሽማግሌ ግን አልተነሳም። አሸዋው ላይ በደረቱ እንደተደፋ፣ ማዕበሉ አንድ እጁን እያነሳ ሲጥለው ተዋንያኑ ሳቁ። ኦቱ ቀልደኛ ነው፤ ስንቴ እንዲህ አድርጎ አሞኝቷቸዋል።

«አባባ ኦቱ፣ አሟሟትዎን ወደነዋል፤ አሁን ይነሱ» አለች ዳይሬክተሯ።

አርኮርፉል ብቻ አልሳቀም። የፊልሙን ሽጉጥ ጣል አድርጎ ተንበረከከና የሽማግሌውን አንገት ዳሰሰ።

«የእውነቱን ሞቷል» አለ።

አርኮርፉል ጡረታ የወጣ የፖሊስ ኢንስፔክተር ነው። ፊልሙም የእሱ ታሪክ ነው፤ በጉልምስናው በዚሁ ዳርቻ፣ ነጭ ዱቄት በታንኳ ከሚያወርዱ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ጋር የተታኮሰበት። በስተርጅና ራሱን ሆኖ እንዲሮጥና እንዲተኩስ ሲለምኑት «ጉልበቴን ጠይቁት» ብሎ ነበር። እሺ ያለው ለወጣቱ ተዋናይ ለፊፊ ሲል ነው። የፊፊ አባት ሳጅን ኤኮው የልብ ጓደኛው ነበር፤ በዚያ ተኩስ ተመትቶ፣ ልክ ኦቱ አሁን በተደፋበት አሸዋ ላይ በአርኮርፉል እቅፍ አለፈ። «ልጄን አደራ» ነበር የመጨረሻ ቃሉ። ከዚያ ወዲህ ኤኮው አልተለየውም። ከልብሱ የባሕር ውሃ እየተንጠባጠበ ይመጣና በራፍ ላይ ይቆማል። አይናገርም፤ ያየዋል ብቻ። አርኮርፉል ይህን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ከፖሊስ ጣቢያ የመጣው ኮርፖራል የሟቹን አፍ አሸተተ።

«አረቄ ነው። አረቄው ውስጥ ደግሞ የተባይ መርዝ አለ፤ አረፋውን እዩት። መጨረሻ ያጠጣው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ፊፊ ዞሩ። የአባቱን ቦታ የሚጫወተው እሱ ነው፤ በትዕይንቱ ላይ ሳጅኑ የተያዘውን ታንኳ ቀዛፊ፣ ኦቱን፣ በቅል ውሃ ያጠጣዋል።

«ውሃ ነው የሰጠሁት» አለ ፊፊ።

«ቅሉስ?»

«ማዕበሉ ወሰደው።»

«እንዴት ያለ ደግ ማዕበል ነው። ፋኖስ አብርቶ ነጋዴዎቹን ያስጠነቀቀው፣ አባትህን ያስገደለው ይህ ሽማግሌ ነው። የራሳችሁ ፊልም ነው ያለው። በል እጅህን አምጣ።»

ኳንሳ መሃል ገባ። የፊልሙ ወጪ በሙሉ ከእሱ ኪስ ነው። ያኔ ሦስተኛው ፖሊስ እሱ ነበር፤ ኋላ ሥራውን ለቆ በዓሣ ንግድ ከበረ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ሆነ። ፊፊንም ወስዶ አሳድጎ አስተማረው። ቀረጻው ሲጀመር የመንደሩ አባቶች እንደ ልማዳቸው ለሙታን አረቄ መሬት ላይ ሊያፈሱ ሲሉ፣ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ ፊቱን አዙሮ ወደ መኪናው የሄደው እሱ ነው፤ ፊፊም ተከትሎት ነበር።

«ልጄን አትንኩብኝ፤ ጠበቃ አቆምለታለሁ» አለ።

አርኮርፉል ኮርፖራሉን ክንዱን ያዝ አደረገው። «ጀንበር እስክትጠልቅ ታገሠኝ።»

«አባባ፣ እርስዎ እኮ አሁን የፊልም ሰው ነዎት።»

«ፊልሙ ላይ የማሸንፈው እኔ ነኝ። ታገሠኝ ግድ የለህም።»

ኮርፖራሉ ሳይወድ ፈገግ አለ፤ የልጁን እጅ ግን አልለቀቀም።

አርኮርፉል የተቀረጸውን አስከፍቶ አየ። ኦቱ ቅሉን ተቀብሎ ጭልጥ አደረገው።

«መሬት ላይ ያፈሰሰው ነገር አለ?» አላት አዶማን።

«ጠብታም የለም።»

«ኦቱ አረቄ ሲጠጣ አይተሽው አታውቂም?»

አዶማ ነገሩ ገባት። ኦቱ ውሃ ሲሆን እንዲሁ ይጠጣል። አረቄ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ጉንጭ ለሙታን መሬት ላይ ሳያፈስ፣ ስማቸውን ሳይጠራ፣ አፉ አያደርስም። ሰክሮ መቆም ሲያቅተው እንኳ አይረሳም።

«ስለዚህ ፊፊ የሰጠው ውሃ ነው» አለ አርኮርፉል። «አረቄውን ቀድሞ ሌላ ቦታ ጠጥቷል። የጠጣበት ቦታ ደግሞ የሙታኑ ድርሻ ፈስሷል።»

ለተዋንያኑ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል የምታበስለው አራባ ምድጃዋ የዓሣ መረብ ከሚቀመጥበት መጋዘን ጀርባ ነው። ከአርኮርፉል ጋር አብረው ነው ያደጉት።

«ጠዋት ኦቱን አይተሽዋል?»

«ሰማሁት እንጂ አላየሁትም። መጋዘኑ ውስጥ ሆኖ ‹ኤኮው፣ ድርሻህን እንካ፤ ፋኖሱን ማን እንዳበራ ዛሬ ካሜራው ፊት እናገራለሁ› ሲል ክው ነው ያልኩት። ኋላ የፊልም ቃል መስሎኝ ተውኩት።»

«ብቻውን ነበር?»

«እንዴት ብቻውን ይሆናል? ሲጀምር በሩ ሲጢጥ አለ። ኦቱ ሳቀና ‹ምን ያስወጣሃል? ሙታን አይናከሱም› አለ። ሲጨርስ በሩ እንደገና ሲጢጥ አለ።»

«ሰውየውን አላየሽውም?»

«አንተ ደግሞ፤ እጄ ሊጥ ውስጥ፣ መሃላችን ግድግዳ፣ በምን ዓይኔ ልየው?»

አርኮርፉል ዞር አለ። ኤኮው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። ከመረቡ ክምር ሥር፣ በአፈሩ ወለል ላይ፣ አንድ ነገር ፈስሶ የደረቀበት ክብ ምልክት ነበር። ዝንቡም ጉንዳኑም ዙሪያውን ሞቶ ረግፏል።

«ኦቱ መርዙን የጠጣው እዚህ ነው» አለ አርኮርፉል። «እስኪሠራበት ድረስ ወደ ቀረጻው ሄደ። ያጠጣው ሰው ጠርሙሱንና ብርጭቆውን አጥፍቷል፤ ወለሉን ግን አልጠረገም። ለምን? ሲፈስ አላየማ። ኦቱ ሙታንን መጥራት ሲጀምር ጥሎ ወጥቶ ነበር። ከመካከላችን አረቄ ሲፈስ ጥሎ የሚወጣ ማን ነው?»

«ልጁም እኮ ይወጣል» አለ ኮርፖራሉ።

«ፊፊ ከንጋት ጀምሮ ከእኔ ጋር ነበር» አለች አዶማ። «ለቀረጻው ፊቱን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ከዓይኔ አልራቀም።»

«እንግዲህ አንድ ሰው ይቀራል» አለ አርኮርፉል፤ ወደ ኳንሳም ዞረ።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ጉንጭ አረቄ ነው?» አለ ኳንሳ ለመሳቅ እየሞከረ። «አርጅተሃል ወንድሜ።»

«አርጅቻለሁ። ያን ሌሊት ፋኖሱ የበራው ኮረብታው ላይ ነበር። ኦቱ ባሕር ላይ፣ ታንኳው ውስጥ ነበር። ኮረብታው ላይ እንድትጠብቅ ያቆምኩህ አንተን ነው። አንድ የመንደር ሰው አበራው አልከኝ፤ አመንኩህ። ለነጋዴዎቹ ገንዘብ ብለህ ያበራኸው ግን ራስህ ነህ። ኦቱ እውነቱን እያወቀ ዝም ያለው ከእጅህ ስለሚበላ ነው። በፊልምህ ኤኮውን ያስገደለው እሱ ነው ስታስብል ግን አንጀቱ አልቻለም፤ እንደሚናገር ነገረህ፣ አንተም ቀደምከው።»

ፊፊ ወደ ኳንሳ ጠጋ አለ። «አጎቴ፣ ውሸት ነው ይበሉኝ።»

«ውሸት ነው ልጄ።»

«እንግዲያው የአባቴን ስም ይጥሩልኝ። አንዴ ብቻ።»

በኳንሳ ቤት ያ ስም ተጠርቶ አያውቅም። ፊፊ እስከዛሬ ሐዘን ጸንቶባቸው ነው ይል ነበር። ኳንሳ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ወለሉ ላይ ካለው ምልክት አልነቀል አለ።

«ያሳደግኩህ... ለእሱ ብዬ እኮ ነው...»

«ስሙን።»

አልቻለም። መረቡ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ሁለት እጁን ለኮርፖራሉ ዘረጋ።

ከወሰዱት በኋላ አራባ አረቄ በብርጭቆ አምጥታ ለፊፊ ሰጠችው። ልጁ እንደያዘው ቆመ፤ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

«ምን እንደሚባል አላውቅም አባባ። አላስተማሩኝም።»

«ስሙን ጥራና ድርሻህን እንካ በለው። ሌላውን እሱ ያውቀዋል።»

ፊፊ ጎንበስ አለ። «ኤኮው» አለ፤ ከዚያ «አባቴ፣ ድርሻህን እንካ» ብሎ አፈሰሰ።

አርኮርፉል ቀስ ብሎ ወደ በራፉ ዞረ። ኤኮው እንደ ወትሮው ውሃ እየተንጠባጠበበት ቆሟል። ዛሬ ግን እሱን አልነበረም የሚያየው፤ ልጁን ነበር።