ስድስተኛዋ ምስር

ደቻሳ የተገኘው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው። ቀኝ እጁ እስክሪብቶ የሚያህል የካሜራ ቱቦ ይዟል፤ መዳፉ ላይ ጥቁር ቃጠሎ አለ። ከፊቱ፣ የብረት ትሪ ላይ፣ የበግ ጉበት ተቀምጧል።

ነገሩ የሆነው የቦሌ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ፣ ፎቁ እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት ዘመን ነው። ሩዋንዳ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ሰዎች የሰው ሆድ ሳይቀደድ ጉበትን ከውስጥ የሚያሳይ ካሜራ ይሠሩ ነበር። ደቻሳ ይነድፋል። ሰኚ የምትባል ወጣት ኤሌክትሪኩን ትሠራለች። የጉምሩኩንና የካርጎውን ጣጣ ደግሞ ካሳዬ ይዟል። ካሳዬና ደቻሳ አበልጆች ናቸው፤ የደቻሳን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሳት እሱ ነው።

ኢንስፔክተር ሃረገወይን ስትደርስ አለቃዋ ነገሩን ጨርሶት ጠበቃት።

«የግድግዳው ኤሌክትሪክ ካሜራው ጋ እንዳይደርስ የሚከለክለውን ሳጥን የሠራችው ይቺ ልጅ ናት። ሳጥኑ ከሸፈ፣ ሰውየው ሞተ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«እስከ ሦስት ሰዓት የእኔ ናት ማለት ነው?»

«አንቺ ደግሞ፣ ከተዘጋ በር ጋር መጣላት ልማድሽ ነው!»

ሃረገወይን ጓንት አጠለቀችና ጉበቱን በጣቷ ጫን አለችው። ላዩ ለስልሷል፤ መሃሉ ገና በረዶ ነው። ገለበጠችው። አንድም ቀዳዳ የለበትም። ከዚያ የሳጥኑን ክዳን ፈታች። ከውስጡ ሽቦ ሁሉ በብየዳ ተያይዟል፤ አንዱ ብቻ በእጅ ተጠምዝዞ፣ ካርቶን በሚታሸግበት ቡናማ ፕላስተር ተጠቅልሏል።

ሰኚ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«እትዬ፣ ጋሼ ደቻሳን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«እሱን ለእኔ ተይው፣ ልጄ። መቼ ወጣሽ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ፣ ለቅዳሴ። የነነዌ ጾም አይደል? ከእትዬ ልዩ፣ ከሚስቱ ጋር፣ ጎን ለጎን ቆመን ነው ያስቀደስነው። ዘጠኝ ተኩል ስመለስ በሩ ተቆልፏል። ከፍቼ ስገባ…» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ሦስታችን።»

«ሽቦ ስትቀጥዪ ፕላስተር ትጠቀሚያለሽ?»

ሰኚ እንባዋ ሳይደርቅ ተቆጣች። «ፕላስተር? እኔ ካርቶን አሻጊ ነኝ እንዴ!»

ትናንት ከደቻሳ ጋር ሲጯጯሁ የተሰሙት ዶክተር አረጋዊ ከሆስፒታል እንደ ወጡ መጡ። ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ቀዶ ጥገና ላይ ነበሩ፤ ስድስት ነርሶች ምስክር አላቸው።

«አዎ፣ ጮኼበታለሁ» አሉ፣ ከኪሳቸው ቆሎ እየዘገኑ። «ይቅርታ፣ ጾም ውዬ ነው። ሰው ጉበቱ ውስጥ ያለው ዕጢ ሳይታይለት ይሞትብኛል፤ ደቻሳ ደግሞ ‹ምስሉ ገና አልጠራም› ይለኛል። በመጨረሻ ነገ ለሐኪሞች ሁሉ ላሳይ ብሎ ነበር።»

«ይቺን ነው የሚያሳየው?» ቱቦውን ጠቆመቻቸው።

«ኧረ ይሄማ አሮጌው ነው! አዲሷ የክብሪት እንጨት ታክላለች። ጫፏ ላይ እንደ ጉንዳን መንጋጋ ያለች መቆንጠጫ አላት፤ የጠረጠረችውን ቆንጥራ ትወጣለች። ሲተኛ እንኳ ከትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጣት።»

አዲሷ ካሜራ ክፍሉ ውስጥ የለችም።

ካሳዬን ከመንገዱ ማዶ፣ ካፌ ውስጥ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል። ማኪያቶ ይዞ ነበር፤ አረፋውን ከከንፈሩ ጠረገና አንድ ወረቀት ዘረጋላት።

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ ካርጎ ተሰልፌ ነበር። ሌንስ ላወጣ። ማኅተሙ ይኸው። አበልጄ ብቻውን ሲሞት እኔ ሰልፍ ላይ!»

ሃረገወይን ወረቀቱን አየችው፣ ማኅተሙንም፣ ሰዓቱንም። ስምንት ከሩብ ይላል። «ከእኔ ጋ ይቆይ» አለችና ኪሷ ከተተችው።

የሟች ሚስት ልዩ አላለቀሰችም። ስልኳን ብቻ ሰጠቻት። ቅዳሴ ላይ ስለዘጋችው መልእክቱን ያየችው ዘግይታ ነው። ሰባት ከአሥር ላይ የተላከ ነው። «መብራት ሄደብኝ፤ አየር ልቀበል ታች ወርጃለሁ። አምስቷን አግኝቻለሁ። ስድስተኛዋን የት ነው የሸሸግሽብኝ? አንቺ ሌባ!»

«ምኑን ነው ያገኘው?»

«ምስር ነው» አለች ልዩ። «ሥጋ በጾም ቀን በእጁ አይነካም ነበር። ስለዚህ ቡላ አገንፍቼ፣ በቀይ ሥር አቅልቼ፣ ጉበት አስመስዬ እሰጠዋለሁ። ውስጡ ምስር እደብቃለሁ፤ ምስሩ ዕጢ ነው እንግዲህ። እሱ በካሜራው ይፈልጋል። ሁሉን ሳያገኝ ቤት አይመጣም።»

ሃረገወይን ስልኩን መለሰችላት።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ አራቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሰኚ ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት አልነቀለችም።

«የእኔ ንግግር አጭር ነው» አለች ሃረገወይን። «ትናንት ነነዌ ነበር፤ ዛሬም ነው። ደቻሳ ጉበት አይነካም። ጉበቱም በረዶ ነበር፤ በረዶ ውስጥ ካሜራ አይገባም። እንግዲያው ጉበቱን ከፍሪጅ አውጥቶ እዚህ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ደቻሳ ከሞተ በኋላ። ነነዌ ቀኑ ይዘዋወራል፤ የዘነጋው ሰው ‹ደቻሳ እንደ ልማዱ በጉበት ሲሠራ ሞተ› ብሎ ያስባል። ልዩ ቡላውን በእጇ ሠርታለች። ሰኚ ቅዳሴ ነበረች። ዶክተር ማታ እንኳ ቆሎ ነው የቆረጠሙት። ጋሽ ካሳዬ ግን ማኪያቶ ይዘው ነው ያገኘኋቸው።»

«ታዲያ ወተት መጠጣት ወንጀል ሆነ?» አለ ካሳዬ፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

«አልሆነም። መዘንጋትም ወንጀል አይደለም። ግን ይስሙኝ። ደቻሳ አምስት ምስር እስኪያገኝ ሳጥኑ ደህና ነበር። መብራት ጠፋ፤ እሱ ታች ወረደ። ሳጥኑ የተነካው፣ ያ ሽቦ በፕላስተር የተጠቀለለው ያኔ ነው። ቁልፍ ያለው ሰው፣ ደቻሳ ደረጃው ላይ ቢያገኘው እንኳ ‹ደህና ዋልክ› ብሎ የሚያሳልፈው ሰው ነው የገባው። መብራት መጣ። ደቻሳ ስድስተኛዋን ሊፈልግ ተቀመጠ፣ ቀረ። ሰውየው ተመልሶ አዲሷን ካሜራ ከእጁ አላቀቀ፤ ቡላውን አንስቶ አሮጌውን ቱቦና ጉበቱን ተካ። ቡላውን ትናንት ማታ ከሕንፃው ቆሻሻ በርሜል አውጥተነዋል።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይሄ የዕቃ ማውጫ ወረቀት አይደለም፣ የላኪ ቅጂ ነው፤ ማኅተሙም የተመታው ከደቻሳ መልእክት አንድ ሰዓት በኋላ ነው። እርስዎ ካርጎ የሄዱት ሊያመጡ ሳይሆን ሊልኩ ነው።»

ፖሊሱ ትንሽ ካርቶን ይዞ ገባ። አውሮፕላኑ ላይ ሳይጫን ነው የተያዘው። የታሸገው በዚያው ቡናማ ፕላስተር ነው።

ካሳዬ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። «ውጭ አገር ላሉ ሰዎች ቃል ገብቼላቸው ነበር… ዛሬ አገር ሁሉ ሊያየው ነበር፤ አንዴ ከታየ አይፈልጉትም። እንሽጠው ብዬ ለመንኩት፤ ‹የሕዝብ ነው› ይለኛል!»

ሃረገወይን ካርቶኑን ቀደደችው። አዲሷ ካሜራ ወጣች፤ ቀጭን፣ የደረቀ ቡላ የተለጠፈባት። ሰኚ አቀርቅራ ጫፏን አየች።

«እትዬ ልዩ… ይምጡ።»

በጉንዳኗ መንጋጋ መካከል አንዲት ምስር ተቆንጥራለች።

«አግኝቷት ነበር» አለች ልዩ። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። ካሳዬ እግሯ ላይ ሊወድቅ ተነሳ፤ እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ልጄ ማታ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹አባዬ ባይመጣም የክርስትና አባቴ አለልኝ› አለችኝ። አሁን ቤት ሄጄ ሁለተኛውንም አባቷን ላረዳት ነው።»

ካሳዬን በደረጃው ይዘውት ወረዱ። ሰዓቱ ሦስት ሲል ሰኚ ፍርድ ቤት አልነበረችም። ጠረጴዛው ፊት ቆማ፣ በእጅ የተጠመዘዘውን ሽቦ ቆርጣ ጥላ፣ አዲሱን ትበይድ ነበር።