ስልሳ አኃዝ

ምላጩ የአጎት ጉሮሮ ላይ ነበር፤ ለጊዜው ፂም ለመላጨት ብቻ።

እኩለ ቀን ነው። ከመንገዱ ማዶ የጠላት ጸጥታ ቢሮ አለ። «መቀስ» ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ቢሮ መኮንኖች ፀጉር ሲያስተካክል ኖሯል። «አጎት» ደግሞ አጎቱ አይደለም፤ የአለቃው የምስጢር ስም ነው።

አጎት ከፎጣው ሥር ብጣሽ ወረቀት አቀበለው።

«እህትህ ከእስር ቤት ያሾለከችው ነው። አሁኑኑ ለማዕከል አስተላልፍ።»

እህቱ ማዶ ካለው ቢሮ ገብታ የመልእክት ቁልፍ ስትሠራ ከርማ፣ ከሦስት ቀን በፊት ተይዛለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊረሽኗት ይወስዷታል። በየት መንገድ እንደሆነ የሚናገረው የጠላት መልእክት ማዕከል ደርሷል፤ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ የሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም የማይካፈሉ። ማባዛቱ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ከብዜቱ ተነስቶ ሁለቱን መፈለግ ዕድሜ ይጨርሳል። አንዱን የያዘ ግን ሌላውን አካፍሎ ያገኛል፤ ብጣሹ ላይ ያለው አንዱ ነው።

መቀስ አገጭ እየላጨ አነበበ። ስልሳ አኃዝ። መጨረሻው 7፤ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ልጆች ሳሉ እህቱ የመኪና ታርጋ ባየች ቁጥር ደምር ትለው ነበር፤ የአኃዞቹ ድምር ለሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። ልማድ ሆኖበት ደመረ።

ሁለት መቶ ሰባ ሦስት።

እንደገና ደመረ። ያው ነው።

ለሦስት የሚካፈል ብቸኛ ቁጥር ማለት፣ ሦስት ሚስት ያለው ወንደላጤ ማለት ነው።

«እርስዎ ነክተውታል?»

«ምኑን?»

«ቁጥሩን።»

አጎት በመስታወቱ ውስጥ አየው። ከጨርቁ ሥር አንድ ነገር ቋ አለ።

መቀስ አፈሙዙን ከነጨርቁ በግራ እጁ ጨመደደው።

ሦስት ጣቶቹ ረገፉ። ሽጉጡ ድምፅ ማፈኛ ነበረው፤ አጎት ጨዋ ሰው ነው፣ ጎረቤት አይረብሽም። መቀስ ከነወንበሩ ገለበጠው። በፀጉር ማድረቂያው ገመድ ጠፍሮ፣ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ተክሎ ምላጩን መለሰ።

አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ።

«የቱን ነው የቀየርከው?»

አጎት ሳቀ። ለማዶው ቢሮ ማደሩን፣ ማዕከል በሬዲዮ የሚያምነው የመቀስን እጅ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ በእሱ እጅ ሄዶ ጥፋቱም በእሱ እንዲላከክ እንደታሰበ ነገረው። እህትህን ሞታለች ብለህ ቁጠር አለው።

ምላጩ ጆሮውን ይዞ ወረደ።

«አርባኛው» አለ አጎት፣ ደም በአንገቱ እየወረደ። «አራት ነበር። አምስት አደረግኩት።»

ሁለት መቶ ሰባ ሁለት። ለሦስት አይካፈልም። ይህ ብቻውን ዋስ አይሆንም፤ ስንት ውሸታም አለ ለሦስት የማይካፈል። ምላጩን በጥርሱ ነክሶ ሬዲዮውን ከሻምፖ ካርቶን አወጣና ላከ። ማዕከል ብዜቱን በቁጥሩ እስኪያካፍል ጠበቀ።

«ቀሪ የለም» አለ መልሱ።

አጎትም አልቀረም።

ዓመት አለፈ። በሌላ ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት የሚቆርጠውን ሰው በስሙ የሚያውቀው የለም። አንድ ጠዋት፣ ያን ቀን ከሞት መንገድ የተነጠቀችው እህቱ ከሰልፉ ደረሰች። እንዳይተዋወቁ ታዘዋል። ትኬቱን ስትቀበል ጣቶቹን በዓይኗ ቆጠረች።

«ሰባት» አለች። «ደህና ቁጥር ነው።»

«አይካፈልም።»

አንገቷን ደፋች፤ ከመስኮቱ ግን አልተነሳችም።

«ቀጣይ» አለ፣ ከኋላዋ ለቆመው ሰው።