ወደ መንደሩ የዞረው ኖራ

«ላቀው ፎቅ ላይ እንኳ መስኮት አይጠጋም» አለች እጅጋየሁ። «ብቻውን ገደል አፋፍ ሄዶ አዳለጠው የሚለውን ለሌላ ሰው ይንገሩ።»

የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ ካሣዬ አደመጣት። ጎንደር ቁስቋም ካለው ቤቱ በጠዋት ተጠርቶ ሆስፒታሉ ግቢ ሲደርስ፣ የሟቹ ሚስት የነርስ ልብሷን እንደለበሰች በረንዳው ላይ ቆማ አገኛት። መርዶው የደረሳት ትናንት ነው። አላለቀሰችም፤ ልቅሶውን ለሌላ ቀን ያቆየች ትመስል ነበር።

«ከፍታ የሚፈራ ሰው ተራራ ላይ ምን ሊሠራ ሄደ?»

«ፓርክ ሊያቅድ ነዋ! ጎብኚው በየት ይግባ፣ ዋልያው የት ይጋጥ፣ ገበሬው የት ይረስ… ሁለት ዓመት ሙሉ የነገረኝ ስለዚያ ተራራ ነው። ዋልያ ሲቆጥር ወገቡን በጠፍር አስሮ በደረቱ ይተኛል፤ ጠፍሩን አንድ ሰው ከኋላ ይይዝለታል። ማን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። የማምነው ሰው አለኝ ነው የሚለኝ። ያንን ሰው ይፈልጉልኝ።»

ካሣዬ ሰው ሲያይ ከእግር ይጀምራል። መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ አረማመድ፣ ፊት የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። የጣቢያው ባልደረቦቹ በዚህ የተነሣ «ሊስትሮ» ብለውታል። ይሣቁ እንጂ፣ የከበደ ነገር ሲገጥማቸው «ሊስትሮውን ጥሩት» ይላሉ።

ጊዜው ጥቅምት 1971 ዓ.ም. ነው። መኪናዋ ድብ ባሕርን አልፋ መንገዱ እስካለቀበት ወሰደችው፤ የቀረውን ሦስት ሰዓት በበቅሎ ወጣ። ሰቀልት የምትባለው መንደር አርባ ያህል ጎጆ ናት። ከበላይዋ ብርድ የሚያኝከው የጓሳ ሣር ሜዳ፣ ከሜዳው ጫፍ ደግሞ ዋልያ የሚኖርበት ገደል አለ። በሜዳውና በመንደሩ መካከል የፓርኩ ሠራተኞች ድንኳን ተተክሏል። እዚያ የተቀበለው ካድሬው ጓድ መለሰ ነበር፤ ቡናማ የቆዳ ጫማው እንደ መስታወት ያበራል።

«በከንቱ ደከሙ ጓድ መቶ አለቃ» አለው። «ገዳዩን ይዘነዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ማሩ ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ሟቹን አፉን ሞልቶ ሲረግም ሕዝብ ሰምቶታል። ከገደሉ አፋፍ ደግሞ የባዶ እግር ዱካ አለ።»

«ምን ብሎ ረገመው?»

«ፓርኩ መንደሩን ያስነሣል ተብሎ ነዋ። ይነሣልም! ፈረንጅ ዶላሩን ይዞ የሚመጣው ዋልያ ሊያይ እንጂ ገብስ ሊያይ አይደለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ላቀው በዚህ አይስማማም ነበር። አሁን ግን ነገሩ አለቀ። ገዳዩ ከመንደሩ ከሆነ፣ መንደሩ ፀረ አብዮት ነው ተብሎ በወር ውስጥ ይነሣል።»

ካሣዬ የጫማውን ማሰሪያ አየ። በጥንቃቄ በሁለት ቋጠሮ የታሰረ ነው። «አስከሬኑን ያሳዩኝ» አለ።

ላቀው ድንኳን ውስጥ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ሣር ሊያጭዱ የወረዱ ሴቶች ከገደሉ ሥር ሲያገኙት ዐይኑ ተከድኖ፣ ፊቱ በገዛ ሹራቡ ተሸፍኖ፣ እጁ ደረቱ ላይ ተጣምሮ ነበር። ካሣዬ ሸሚዙን ገለጥ አደረገ። ወገቡ ዙሪያ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ሰንበር አለ። ጠፍሩ ግን የለም። ኋላ የፓርኩ ዕቃ ቤት ውስጥ በቦታው ተጠምጥሞ ተሰቅሎ አገኘው፤ ጫፉ ላይ ደም ደርቋል።

ከገደል ወድቆ እጁን አጣምሮ የሚሞት ሰው ካሣዬ አይቶ አያውቅም። የገደለው ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠመዝማዛውን መንገድ ወርዶ፣ ጠፍሩን ፈትቶ፣ ዐይኑን ከድኖለታል ማለት ነው። የሚጠላውን ሰው እንዲህ የሚያደርግ የለም። መርማሪው ጉዳዩን ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ባላገኘሁት ብሎ ተመኘ።

ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከጠርዙ አምስት እርምጃ ወዲህ፣ አነስተኛ የሸክላ አፈር ጉብታ አለች። ሁለት ባዶ እግር ተረከዙን ቀብሮ፣ ሙሉ ውስጥ እግሩን አትሞባታል። ካሣዬ ተንበርክኮ ረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያም ማሩን አምጡልኝ አለ።

አያ ማሩ ስድሳውን ያለፈ፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው። እጁ የታሰረው በጠፍር ነበርና ካሣዬ ራሱ ፈታለት።

«አያ ማሩ፣ እዚህ ጭቃ ላይ ይርገጡልኝ።»

«ምነው? ጠንቋይ ነህ?» አለ ሽማግሌው፤ ረገጠ ግን። ዕድሜውን ሙሉ ጫማ የማያውቀው እግር ጣቶቹ እንደ ተዘረጋ እጅ ተበታትነው፣ የተረከዙ ንቃቃት ሳይቀር ጭቃው ላይ ወጣ። ጉብታዋ ላይ ያለው ዱካ ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ሥር ገብታለች፤ ተረከዙም ልሙጥ ነው።

«የእርስዎ አይደለም» አለ ካሣዬ። «ጫማ የለመደ እግር ነው። ግን ጫማ ያለው ሰው በዚህ ብርድ ምን ሊሆን ያወልቃል?»

«እንዴታ! ጠፍር ያዥ ጫማ አያደርግም። ጫማ ያንሸራትታል። ገደል ላይ ሣር ስናጭድ የሚይዘን ሰው ተረከዙን አፈር ውስጥ ይቀብራል፤ ሰው ነፍሱን ሰጥቶት የለም? ይኸን ለልጆቹ ሁሉ ያስተማርሁ እኔ…» አያ ማሩ ንግግሩን አልጨረሰም። ዱካውን አየ፤ መርማሪውን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምነው ምላሴን በቆረጠው» አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ካሣዬ ስም አልጠየቀውም። ሽማግሌ እንዲህ ሲሆን ማየቱ ይበቃው ነበር። ወደ ገደሉ ሲወጣ በአንድ ገጻቸው ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች አይቶ ነበርና፣ «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለው። «እናንተ የእርሻ ድንበር ድንጋይ ላይ ምልክት ስታደርጉ፣ ምልክቱ ወዴት ይዞራል?»

«ወደ ባለቤቱ መሬት ነዋ። ምልክቱ የሚያየው መሬት የባለ ምልክቱ ነው።»

የፓርኩን ጠባቂ አለነን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰቀልት ተወልዶ፣ ጎንደር ከወታደር አጎቱ ዘንድ አድጎ፣ እናቱን ሊጦር ከሁለት ዓመት በፊት ተመልሷል። ዐይኑ ደም መስሏል። እግሩ ላይ አሮጌ ከስክስ ጫማ አለ፤ ሁለቱንም እጁን ጋቢው ውስጥ ቀብሯል።

«ላቀው የወደቀ ዕለት፣ ረቡዕ ጠዋት የት ነበርህ?»

«በታች በኩል ዞር ዞር እያልሁ ነበር ጌታዬ።»

«ላቀው እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ወንድሜ ነበር» አለ አለነ።

ካሣዬ ሲጋራ አወጣና ዘረጋለት። አለነ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ካሣዬ እጅህን አሳየኝ ይል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ተነሥቶ ሄደ።

የሟቹ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ካርታ አገኘ። አሮጌው ላይ የፓርኩ ድንበር ከመንደሩ በታች ያልፋል፤ ሰቀልት ፓርኩ ውስጥ ናት። በላቀው እጅ የተሣለው አዲሱ ላይ ግን ድንበሩ ከጎጆዎቹ በላይ ወጥቷል። የጎብኚው መንገድ የገብስ ማሳውን ትቶ በሸንተረሩ ይዞራል፤ በቅሎ የሚያከራዩትም መንገድ የሚመሩትም የሰቀልት ሰዎች ናቸው። አብሮት ያለው ደብዳቤ «ዋልያው እስከ ዛሬ የቆየው ገበሬው ስላቆየው ነው፤ ጠባቂውን አባርረን የሚጠበቀውን ማዳን አንችልም» ይላል። ከወደቀበት ቀን ማግስት፣ ሐሙስ፣ ጎንደር ሊያደርሰው አስቦ ፈርሞበት ነበር። ካሣዬ ካርታውን ይዞ ወጣና አዲሱን ድንበር በእግሩ ተከተለ። በየመቶ እርምጃው አንድ ድንጋይ ቆሟል። ሁሉም በአንድ ገጹ ብቻ ኖራ ተቀብቷል፤ ነጩ ገጽ የሚያየው ወደ መንደሩ ነው።

ካሣዬ አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አሰበ። አዳልጦት ነው ብሎ ቢጽፍ መለሰ አያ ማሩን አይለቅም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ካድሬ ገዳይ ብሎ የላከው ሰው ጎንደር ደርሶ አይመለስም። እውነቱን ቢያወጣ ሽማግሌው ይተርፋል፤ መንደሯ ግን ታልቃለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እሱ ሊያድነው የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ድንኳኑ ፊት ሰበሰባቸው፦ መለሰን፣ አያ ማሩን፣ አለነን፣ የአለነን እናት ወይዘሮ አበቡን። የመንደሩ ሰው ራቅ ብሎ ቆመ።

«ላቀው ገደል ይፈራ ነበር» ሲል ጀመረ። «ስለዚህ አፋፉ ላይ የተኛው የሚያምነው ሰው ጠፍሩን ሲይዝለት ብቻ ነው። ጓድ መለሰ፣ እርስዎን አያምንዎትም ነበር፤ ጫማዎንም ለማንም አያወልቁም። አያ ማሩ ያወልቅ ነበር፤ ግን የሚያወልቀው ጫማ የለውም። ዱካውን የተወው የመንደሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እግሩ ግን የከተማ እግር ነው። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አንድ ብቻ አለ።»

ሁሉም አለነን ላለማየት አቀረቀረ።

«እጅህን አውጣ ልጄ» አለ ካሣዬ።

አለነ እጁን ከጋቢው አወጣ። የሁለቱም መዳፍ ቆዳ ተገሽልጦ ሥጋው ቀልቷል።

«ለቅቀኸዋል» አለው ካሣዬ፤ ድምፁ እንደ መርማሪ አልነበረም። «ከዚያ መልሰህ ልትይዘው ሞክረሃል።»

«ሞክሬ ነበር» አለ አለነ። «አልቆምልህ አለኝ እንጂ። ማክሰኞ እናቴ ድንጋዩን አይታ፣ ነጩን ወደኛ አዙሮታል፣ ወሰዱን ልጄ ብላ ስታለቅስ አደረች። እኔ አላመንሁም። ጠፍሩን እንደያዝሁ ጠየቅሁት። አያ ላቀው፣ ኖራውን ወደኛ አዙረህ የቀባኸው አንተ ነህ? አልሁት። እኔ ነኝ፣ ቆይ ስነሣ አጫውትሃለሁ አለና ሣቀ። ሣቀ እኮ! በኛ የሣቀ መሰለኝ። እጄ ተከፈተ።»

«ደስ ብሎት ነው የሣቀው» አለ ካሣዬ። «እሱ በተማረው ሥራ ምልክት የሚዞረው ከውጭ ለሚመጣ ሰው ነው፤ ፓርኩ ከዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ቁም ለማለት። ነጩ ወደ እናንተ የዞረው እናንተ ውጭ ስለሆናችሁ ነው። መንደሩን አትርፏችሁ ነበር። ከበላይ ሳይጸድቅ ተስፋ ሰጥቶ እንዳያሳዝናችሁ ነው ዝም ያለው።» ካርታውን ዘረጋ።

አለነ ወደ ካርታው አልቀረበም። ወይዘሮ አበቡ ግን ቀረበች። ማንበብ አትችልም፤ ቀዩን የድንበር መሥመር በጣቷ ተከትላ፣ የራሷ ጎጆ ከመሥመሩ ውጭ መሆኑን ካሣዬ ካሳያት በኋላ፣ «እኔ ነኝ የገደልሁት፤ እኔን እሰሩኝ» ብላ ደረቷን መታች። አያ ማሩ ደግፎ ወሰዳት። መለሰ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፍ ነበር።

ካሣዬ ካርታውንና ደብዳቤውን ራሱ ወሰደ። ጎንደር ሦስት ቢሮ ደጅ ጠና። በመጨረሻው ቢሮ ያሉት ሰውዬ ካርታውን እንኳ አልዘረጉትም። «ያቀደው ሞቷል፤ የገደለውም ከመንደሩ ነው። ለማን ብለን እንከራከር?» አሉት። በታኅሣሥ የጭነት መኪናዎቹ መንገዱ ማለቂያ ድረስ መጡ። ገብሱ ገና ማሳ ላይ ነበር። የሰቀልት ሰው ገሚሱ ወደ ቆላ፣ ገሚሱ ወደ አይከል በኩል ተበተነ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። እጅጋየሁ ይህን ስትሰማ ያቆየችውን ልቅሶ አለቀሰች።

ጥር ሲገባ ካሣዬ በሌላ ጉዳይ አለነ ወደታሰረበት የጎንደር ወኅኒ ቤት ሄዶ ነበር። ከሽቦው ወዲህ ወይዘሮ አበቡ ቆማለች። ከአይከል በእግሯ መጥታ እግሯ አብጧል። ከሽቦው ወዲያ ልጇ ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል።

«እማ፣ መንደሩስ?» አላት። «እንዴት አደረጓችሁ?»

«ሸጋ ነው ልጄ። ተዉልን። አያ ላቀው እንዳለው አደረጉ።»

«ገብሱስ?»

«አስገባነው። ዘንድሮማ ጎተራው አልበቃ አለ።»

አለነ ፊቷን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ከጀርባዋ የቆመውን መርማሪ አየው። «መቶ አለቃ፣ እርስዎ አይዋሹም» አለው። «እውነቷን ነው?»

ወይዘሮ አበቡ ሽቦውን እንደያዘች ዘወር አላለችም።

«እውነቷን ነው» አለ። «በመንገዴ አይቼው ነው የመጣሁ።»