ሁለቱ የሚካል ፎቶዎች

ጭሮ ውስጥ ሰው ፎቶ ቤት የሚሄደው ቀልቶ ለመውጣት ነው። ጠይሙም ጥቁሩም ወንበሩ ላይ ይቀመጥና «ቀይ አድርገኝ፣ እሺ?» ይላል። ፎቶ አንሺው መጋረጃውን ይዘጋና ፍላሹን ፊት ለፊት ያበራበታል። ሰውየው እንደ ግድግዳ ነጥቶ ይወጣል፤ ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል።

ጎበዜን ይሄ ሥራ ያንገሸግሸው ነበር። በጠባቧ ፎቶ ቤቱ በስተምዕራብ አንዲት መስኮት ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ በእሷ የሚገባውን ብርሃን ይወደዋል። ብርሃኑ ብቻውን ሲሆን ግማሹን ፊት ጨለማ ይውጠዋል። ፍላሹ ብቻውን ሲሆን ደግሞ መልክ የሚባል ነገር አይተርፍም። ስለዚህ ፍላሹን በነጭ መሐረብ ይሸፍንና የካሜራውን ዓይን ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ፊቱን የሚሥለው መስኮቱ ነው፤ ፍላሹ ጥላውን ብቻ ያለሰልሳል። የከተማው ሌሎች ፎቶ አንሺዎች «ባለ መሐረቡ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እንደዚያ ለመነሣት የሚታገሥ ደንበኛም አልነበረውም፣ ከሚካል በቀር።

ሚካል የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። የተማሪዎቿን ፎቶ ልታስነሣ መጥታ ተዋወቁ፤ ከዚያ ወዲህ ምክንያት እየፈለገች ትመጣ ጀመር። ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም ይባላል፣ እነሱ ግን ዓመት ሙሉ ደበቁት። አባቷ አቶ ተሻለ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ጎበዜ ማዕተቡን ከአንገቱ የማያወልቅ ኦርቶዶክስ ነው። «ሽማግሌ እልካለሁ» ይላታል፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ከክረምት በኋላ። ፈሪ ነበር፣ ምን ይደረግ!

በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሚካል ፊቷ ገርጥቶ መጣች።

«ፎቶ ተነሺ ተባልኩ» አለችው። «ደቡብ አፍሪካ ለሚኖር ሰው። ዳባ ይባላል፣ የበደሳ ልጅ ነው። ፎቶዬን አይቶ ከወደደኝ ሽማግሌ ይልካል።»

ጎበዜ በእጁ የያዘውን ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አትደንግጥ፤ ዘዴ አለኝ። አበላሸኝ። መጋረጃውን ዝጋና እንደምትጠላው አድርገህ አንሣኝ። አንዴ እምቢ ከተባልን አባዬ ቶሎ ሌላ ሰው አያመጣብኝም። እስከዚያ አንተ ሽማግሌ ትልካለህ።»

«እልካለሁ።»

«ማል!»

«ማርያምን!»

«በእሷ አይሆንም፣ በእኔ ማል» አለችና ሳቀች።

በሚካል ማለ። መጋረጃውን ዘግቶ፣ ፍላሹን እንዳፈጠጠ አነሣት። አብቅቶ መጋረጃውን ሲከፍት ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጉንጯ ላይ አረፈች። ሚካል ጭንቀቷ ለቋት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ ተቀምጣ ነበር። ጎበዜ አላስቻለውም።

«እንደዚያው ሁኚ። አንዲት ብቻ፤ ይሄኛው ለእኔ ነው።»

«ለአንተ ከሆነ እሺ።»

መሐረቡን ፍላሹ ላይ ሸፈነ። ሚካል ሰው የሚወደውን ብቻ በሚያይበት ዓይን አየችው።

ፊልሙ ድሬዳዋ ታጥቦ መጣ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግንባሯ ያብለጨልጫል፣ አፍንጫዋ ጠፍቷል፣ ዓይኗ ፈጧል። እናቷ ወይዘሮ ፈለቀች ግን «ተመስገን፣ ቀላችልኝ!» ብለው በደስታ ላኩት።

ሁለተኛው ፎቶ መሳቢያ ውስጥ መቅረት ነበረበት። ነገር ግን ጎበዜ እንደዚያ ያለ ፎቶ ዕድሜውን ሙሉ አንሥቶ አያውቅም። የሳቁበት ሁሉ እንዲያዩት ፈለገ። አሳድጎ በደጃፉ መስታወት ውስጥ ሰቀለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው።

«አውርደው» አለችው ሚካል።

«ያኛው ሄዷል፤ አሁን ምን ያመጣል? እናትሽ እንኳ ‹አጠቆርካት› ብለው ነው ያለፉት።»

ሚካልም ፎቶውን ደግማ አየችውና ሳታስወርደው ሄደች።

ዘዴዋ ሠርቶ ነበር። ዳባ ፎቶውን አይቶ «ይቅርብኝ» አለ። አክስቱ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነገሩን በጨዋ ደንብ ሊያደርሱ ከበደሳ በሚኒባስ መጡ። ከመናኸሪያ በእግር ሲሄዱ፣ አቧራ የለበሰ ሻሻቸውን ሊያስተካክሉ ጎበዜ ደጃፍ ካለው መስታወት ፊት ቆሙ። ከመስታወቱ ጀርባ ሚካል ከፎቶው ውስጥ ታያቸዋለች።

«ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ! ይቺ የማን ልጅ ናት?» እያሉ ገቡ።

ጎበዜ ሴትዮዋን አያውቃቸውም። ሥራው ተደነቀለትና ልቡ አበጠ። «የአቶ ተሻለ ልጅ ናት። ሚካል ትባላለች።»

«የተሻለ? እኔኮ ‹አልሆነም› ልላቸው እየሄድኩ ነው! የላኩልን ፎቶ ዱቄት የተነፋባት ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለች ልጅ ነው የሚያስጥሉን?»

ሴትዮዋ የዳባ ዘመድ መሆናቸው ለጎበዜ ያን ጊዜ ገባው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በማግሥቱ ወይዘሮ ፈለቀች መጥተው ፎቶውን ከመስታወቱ አስወረዱት። የልጃቸው ፎቶ ነው፣ ምን ብሎ ይከልክላቸው? ፎቶው ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ዳባ ስልክ ደውሎ «ይቺ ከሆነች እመጣለሁ» አለ። ሽማግሌዎች ተላኩ፤ አቶ ተሻለም እሺ አሉ።

ሚካል የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አልተቀመጠችም።

«ዛሬውኑ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት።

«አባዬ ቃሉን ሰጥቷል። ቢሞት አያጥፍም።»

«እንግዲያው እንጥፋ፤ ድሬዳዋ እንሂድ።»

«ዓመት ሙሉ አባቴ ደጅ መድረስ የፈራህ ሰው፣ ድሬዳዋ ልትወስደኝ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ለምን ሰቀልከው?»

«ቆንጆ ስለነበርሽ።»

«አይደለም፣ ጎበዜ። ሥራህ ቆንጆ ስለነበረ ነው። ለብቻህ አይተኸኝ መርካት አቃተህ።»

እውነቷን ነበር። እያለቀሰች ወጣች። ሊከተላት ፈለገ፤ መንገዱ የገበያ ሰው ነበረበትና ደጃፉ ላይ ቀረ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ወይዘሮ ፈለቀች «ከአንተ ሌላ ማንም አያነሣትም» አሉት። እምቢ ቢል ከተማው ለምን ይላል፤ ለምን ከተባለ ደግሞ የሚጎድፈው የሷ ስም ነው። ካሜራውን ይዞ ሄደ።

ክፉ ሰው ቢሆንለት ይሻለው ነበር። ዳባ ግን ትሑት፣ ሳቂታ ሰው ነው። ጎበዜን አቅፎ ሳመው።

«ያቺን ፎቶ ያነሣኸው አንተ ነህ? እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ! ባላያት ኖሮኮ ትቻት ነበር!»

«አሜን» አለ ጎበዜ። ሌላ ምን ይበል?

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር አቆማቸው። ፀሐይዋ በቅርንጫፎቹ መሐል እየገባች ቬሏን ታበራዋለች። መሐረቡን ፍላሹ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ዳባ ሚስቱን በስስት ያያታል። እሷ ግን ፊቷን ወደ ካሜራው አዙራ፣ ዓይኗ እንባ እንደሞላ፣ ጎበዜን ታያለች። ጥቂት ቢቆይ ሰው ይነቃባቸዋል።

ስሟን መጥራት አልቻለም።

«ሙሽሪት፣ ወደ እሱ ዙሪ» አላት።

ዞረች።