ሦስተኛው ጥሪ

ንጉሥ ዝማሮ በደንሳር በነገሡ በአሥራ አንደኛው ዓመት ፀሐይ በቀትር ደም ለበሰች። በዚያችው ሰዓት፣ ሰባት ትውልድ ሙሉ በቤተ መቅደሱ ጉልላት ላይ ሲያበራ የኖረው የጎሕ ዕንቁ ተሰረቀ። መለከት ተነፋ፤ የእሳት ዘንግ የሚይዙት የንጉሡ ወታደሮች፣ ባለዘንጎቹ፣ በናዝማ ከተማ ጎዳናዎች እንደ ጎርፍ ወረዱ። ሕዝቡማ ምን በወጣው! ቤት ያለው ወደ ጓዳው፣ የሌለው ወደ ጎረቤቱ ሮጠ። በቤተ መቅደሱ ደጅ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ቀረ፤ አንጋጦ የሰንደቆቹን መውለብለብ ያያል። ሁሉ ሲሸሽ እሱ አልሸሸምና ሌባው እሱ ነው ተባለ። ወይ ፍርድ!

ሰውየው አዳሙ ይባላል። ዕድሜው ሃያ ሰባት ነው፤ ቁመቱ በር ያህላል፤ አእምሮው ግን ከአምስት ዓመት ልጅ አላለፈም። ሲደነግጥ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፍኖ ያንጎራጉራል እንጂ ቃል አይወጣውም። በዚያ ሰፈር የማያውቀው አልነበረም፤ የያዙት ባለዘንጎች ራሳቸው ስንቴ ቆሎ ዘግነውለታል። ያን ቀን ግን አላወቅንህም አሉት፤ ክንዱን ሰብረው ወደ ወህኒ ጎተቱት።

የደንሳር ሕግ እንዲህ ነው። ባለዘንግ የተጠረጠረን ሰው ሦስት ጊዜ ይጠራል። «ማነህ?» ይላል፤ «የማን ነህ?» ይላል፤ በሦስተኛው «ተንበርከክ!» ብሎ የእሳት ዘንጉን ያነሣል። ዘንጉ አንዴ ከተነሣ፣ ጥሪውን ባልመለሰ ላይ፣ ሰው ይሁን አውሬ፣ በራሱ ፈቃድ ወርዶ ይመታል ይባላል፤ የያዘው እጅ ሊገታው አይችልም። ይህን ሁሉም ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። እናም ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ መስማት የተሳነው ሲሞት፣ አእምሮው የታወከ ሲሞት፣ አልቃሽ እንጂ ተጠያቂ አልነበረም። «ዘንጉ ነው» ይላሉ፤ በቃ፣ ሬሳው ይነሣል። አዳሙም በሰባተኛው ቀን በገበያው አደባባይ፣ በንጉሡ ፊት እንዲጠራ ተፈረደ። እንደማይመልስ ከዳኛ እስከ ተሸካሚ ያላወቀ የለም።

ታናሽ እህቱ ቀጸላ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ቅርጫት እየሰፋች ያኖረችው እሷ ናት። ዘንጎቹን የሠሩት የኩርፋ ተራራ ቀጥቃጮች የተነሣን ዘንግ ሳይመታ የሚያወርድ አንድ የማውረጃ ቃል ነበራቸው፣ የመጀመሪያው ንጉሥ ግን «የሚመለስ በትር አይፈራም» ብሎ ደበቀው ሲባል ሰምታለች። ከወህኒው በር ቆማ ማለች፦

«ያን ቃል ሳላመጣ ብቀር መሬት ትክዳኝ! ወንድሜ ሲሞት ቆሜ ከማይ ዓይኔ ይፍሰስ!»

የኩርፋን መንገድ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ጓንጉል የሚባል፣ አገልግሎቱን ከተወ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ባለዘንግ። ዘንግ ግን እስከ ሞት ከባለቤቱ አይለይምና ከበሩ ጀርባ ተደግፎ ነበር።

«ጋሼ ጓንጉል፣ መንገዱን ያሳዩኝ» አለችው።

«ስንት ሰው እያለ ምነው ወደ እኔ መጣሽ፣ ልጄ?»

«ከባለዘንጎቹ ሁሉ እንቅልፍ ያጡት እርስዎ ብቻ ነዎት ይላሉ።»

 ጓንጉል ዘንጉን አንሥቶ ወጣ።

በሁለተኛው ቀን፣ ምንም ሳትጠይቀው፣ ነገራት። «ጠራራ ፀሐይ ነበር። እማማ ስንዱ የሚሏት፣ እርጅና አእምሮዋን የበላባት አሮጊት፣ የእናቷን ቤት ስትፈልግ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ገባች። ‹ማነሽ?› ብላት፣ ‹አንተስ የማን ልጅ ነህ? ፀሐዩ መታህ እኮ› አለችኝ። በሦስተኛው ዘንጉ መታት። እኔ አይደለሁም ቀጸላ፤ ዘንጉ ነው። እኔ ብሆንማ እንዴት እህል ይወርድልኝ ነበር?»

 የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ጓንጉል ግን ወግቶም አልረሳም፤ ሰበብ ስላለው ብቻ ነው የኖረው።

በሦስተኛው ቀን የኩርፋን በር ጉም ዘጋው። ከጉሙ ውስጥ ኮቴዋ የማይሰማ፣ ከበሬ የምትበልጥ ነጭ አውሬ ወጣች። አገሬው ጉምበላ ይላታል፤ የገቡባትን በልታ አጥንታቸውን እንኳ አታስተርፍም። በአንድ ዝላይ የቀጸላን ትከሻ ቦጨቀች። ጓንጉል ዘንጉን አነሣ፤ እሳቱ በብረቱ ላይ ተንቀለቀለ። ያኔ ከኋላዋ ሁለት ግልገሎች ታዩ። አውሬዋ አጉረምርማ ግልገሎቿን እየገፋች ወደ ጉሙ ተመለሰች። ጓንጉል እጁን አወረደ፤ ላቡን ጠረገ፤ የቀጸላን ቁስል አሥሮ መንገድ ቀጠሉ።

ከቀጥቃጮቹ ዘር የተረፈችው አንዲት አሮጊት ነበረች፤ እማማ ዋጋዬ ትባላለች። ከወናፏ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ቀጸላ እግሯ ላይ ወደቀች።

«የማውረጃውን ቃል ይስጡኝ፣ እማማ! ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው!»

አሮጊቷ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «የምን ቃል? ብረት ጆሮ አለው እንዴ? እሳቱን ያኖሩበት አያቶቼ ናቸው፤ አልክድም። እጅ ሲነሣ ይነድዳል፤ እጅ ሲወርድ ይበርዳል። ሌላው እንቅልፍ ለፈለጉ ሰዎች የተፈጠረ ተረት ነው።»

«ውሸት!» ጓንጉል ጮኸ። «በራሱ ይመታል! መቶ ምስክር አለኝ!»

«ከደጄ ሆኜ እሳትህን በጉሙ ውስጥ ሳየው ነበር፣ አያ ባለዘንግ። በጉምበላዋ ላይ አንሥተኸው ነበር። ማን አወረደው?»

 ጓንጉል መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጎልማሳው ሰውዬ እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። ቀጸላ አዘነችለት፤ ስላዘነችለትም በራሷ ተናደደች።

«ብትናገር ማንም አያምንህም» አለችው አሮጊቷ። «ሕዝቡ በዓይኑ ማየት አለበት። ባሳየኻቸው ቀን ግን ደመኛ ነህ፤ በሕጋችሁ በገዛ እጁ የገደለ ይገደላል።»

በመልሱ መንገድ ጓንጉል «ጠሪው እኔ እሆናለሁ» አላት። ቀጸላ ክው አለች። «በወንድሜ ራስ ላይ? በዚሁ እጅዎ?» «በዚሁ እጄ» አላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችውም። ከናዝማ በር ሲደርሱ ብቻ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ካላወረዱት እኔው ነኝ የምገድልዎ» አለችው።

«ይሁን» አላት።

በሰባተኛው ቀን አደባባዩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጓንጉል ልጥራ ብሎ ሲቀርብ የባለዘንጎቹ አዛዥ የሽብሩ ፊት በራ። «ንጉሥ ዝማሮ ይሙት! አንበሳችን ተመለሰ! ጠሪነቱ ያንተ ነው!»

አዳሙን አቆሙት። አንደኛው ክንዱ ተሰብሮ ተንጠልጥሏልና መድፈን የቻለው አንድ ጆሮውን ብቻ ነበር።

«ማነህ?» አለ ጓንጉል። አዳሙ አንጎራጎረ።

«የማን ነህ?» አዳሙ ዓይኑን ጨፈነ።

«ተንበርከክ!» ዘንጉ ተነሣ፤ እሳቱ ነደደ። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ፤ ንጉሡም ቢሆኑ አቀረቀሩ። ቀጸላ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።  በአደባባዩ ከአዳሙ ማንጎራጎር በቀር ድምፅ ጠፋ።

የጓንጉል እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። እሳቱም ጠፋ።

«ንጉሥ ሆይ! የደንሳር ሰዎች ሆይ!» አለ ጓንጉል። «አያችሁ? ጠራሁት፤ አልመለሰም፤ አወረድሁት። ይኸው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊትም ማውረድ እችል ነበር። እማማ ስንዱን የገደላት ዘንግ አይደለም፤ እኔ ጓንጉል የበዛብህ ልጅ ነኝ። ደመኛ ነኝና ፍረዱብኝ። ግን ለብቻዬ አይደለም! እዚህ የቆምን ባለዘንጎች ሁሉ...»

አልጨረሰም። አዛዥ ሽብሩ ከኋላው መጥቶ በዘንጉ ማጅራቱን መታው። አንድም ጊዜ እንኳ አልጠራውም። ጓንጉል በአዳሙ እግር ሥር ወደቀ።

«ዘንጉ ነው!» አለ ሽብሩ፤ ዙሪያውን ቃኘ፤ «ዘንጉ ነው እኮ!» 

ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሡ። «አዛዡን እሰሩ። ይህን ምስኪን ፍቱት። ዘንጎቹ ሁሉ መሬት ላይ ይቀመጡ» አሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። የተሰረቀው ዕንቁ ከቶ አልተገኘም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የጠየቀም የለም።

ቀጸላ የጓንጉልን ዓይኖች ከደነች። «አወረዱት፣ ጋሼ» አለችው። ይቅርታ ግን አላለችውም፤ ይቅርታው የእማማ ስንዱ ወገኖች እንጂ የእሷ አልነበረምና። ከዚያ ወንድሟን አቅፋ ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠች።

ባለዘንጎቹ ባዶ እጃቸውን ተሰልፈው ቀሩ። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ወጣችና ከአንድ ወጣት ባለዘንግ ፊት ቆመች። ወጣቱ አንገቱን ደፋ።

«ባለፈው ክረምት በወንዙ ዳር ልጄን ‹ማነህ?› ብለህ ጠይቀኸው ነበር» አለችው። «ከተወለደ ጀምሮ ሰምቶም ተናግሮም አያውቅም፤ ስለዚህ አልነገረህም። ልንገርህ መጣሁ። ውዱ ይባላል። የእኔ ነው።»

ከኋላዋ ሌሎች ሰዎች ተራ ይዘው ነበር።