ችወኪ ምን ማለት ነው?

ብታምኑም ባታምኑም ይህ የሆነ ነው... ባለፈው ክረምት፣ ጎንደር ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ጸሎት ፕሮግራመር ናት። ዝናቡ የቢሮዋን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እሷ የፕሮግራመሮቹን የቴሌግራም ግሩፕ ታነባለች።

ክንዱ የሚባል ጀማሪ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ከትክል ድንጋይ ከተማ ጻፈ።

«ኮዴ ውስጥ እኔ ያልጻፍኩት መስመር ይገባል። ስሰርዘው ይመለሳል። እባካችሁ...»

ጸሎት ሳቋ መጣ።

«ችወኪ ነው» ብላ መለሰችለት።

የግሩፑ ቀልድ ነው። «ችግሩ ከወንበሩና ከኪቦርዱ መሃል ነው» ለማለት።

ማለትም... ችግሩ አንተው ነህ።

ግሩፑ በሳቅ ሞላ። ክንዱ ግን አልገባውም።

«እህቴ፣ ችወኪ ምንድን ነው? ይጠፋል?»

«ሰውየው ከተነሳ ይጠፋል» አለችው።

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ክንዱ አልጻፈም።

ሰንበትበት ብሎ በእሱ ስም መልእክት መጣላት።

«እህቱ ሽታዬ ነኝ። ክንዱ ከወንበሩ ተነስቶ እንደወጣ ቀረ። ስልኩን እንኳ አልያዘም። ችወኪ ያልሽው ምንድን ነው?»

ጸሎት መልስ ጽፋ ሰረዘች። እንቅልፍም እምቢ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ትክል ድንጋይ ወረደች።

ሽታዬ እጇን ይዛ ወደ ክንዱ ክፍል አስገባቻት።

«ቀስ በይ...» አለቻት በሹክሹክታ።

«ምነው?»

«ይሰማል።»

የዚያን ቀን የከተማው መብራት ጠፍቷል። የላፕቶፑም ባትሪ ካለቀ ቆይቷል።

ስክሪኑ ግን በርቷል።

ቁልፎቹን የሚነካ የለም። ፊደሉ ግን አንድ በአንድ ይጻፋል...

«ተነሳሁ። አልጠፋም።»

ከሥሩ ደግሞ...

«ተነሳሁ። አልጠፋም።»

ጸሎት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ክንዱ... ቀልድ ነበር። ችግሩ አንተ አልነበርክም። ይቅር በለኝ።»

ጽሑፉ ቆመ። ስክሪኑ ጨለመ።

ሽታዬ ወደ እሷ ዞረች። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

«ታዲያ ያኔ ይህንኑ ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

ጸሎት አንገቷን ደፍታ ወጣች።

በር ላይ የተኛው የክንዱ ውሻ ድንገት ብድግ አለ።

«ክንዱ ከሄደ ወዲህ ከዚያ ቦታ ተነስቶ አያውቅም» አለች ሽታዬ ከኋላዋ።

ውሻው ጭራውን እየቆላ እስከ መኪናው መንገድ ተከተላት።

ዓይኑ ግን እሷ ላይ አልነበረም።

ከጎኗ ነበር... ከትከሻዋ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ማንም ያልቆመበት ቦታ ላይ።